ምዕራፍ ሰባት፦ ፍቅርና ከልካዩ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ሲኬድ፣ ደምበል ታልፎ ኦሎምፒያ ይደረሳል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በቦሌ መንገድ ላይ፣ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በባለቤቱ ስም የሰየመው ዓለም ሲኒማ ይገኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. በዲጂታል ካሜራ የሚሠራው የአማርኛ ፊልም ሲበረክት፣ እዚህም ሆነ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ኤድና ሞል ውስጥ በነበረው ማቲ ሲኒማ ደጃፍ የሚሰቀሉት ፖስተሮች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። ከርእሱ ሥር «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ወይም «አሳዛኝ የፍቅር ፊልም» ወይም «ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ፊልም» የሚል ይነበባል። ቅጽሉ ይለዋወጣል፤ ፍቅር ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለ ኢትዮጵያ ሲኒማ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጻፈው ማይክል ቶማስ ፍቅርን ከመጽሐፉ ንዑስ ርእስ ላይ ያሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በምዕራፍ ሦስት እንደታየው፣ ታሪክ የሚጀምረው አንድ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ነው። ዙፋን የሚፈልግ አለ፤ በቀል የሚፈልግ አለ፤ የጠፋ ልጁን የሚፈልግ አለ። የፍቅር ታሪክ ከሁሉም ቀላሉን ፍላጎት ይዞ ይነሣል፦ ሰው ሰውን ይፈልጋል። የሚፈለገውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ አለ፤ እንዲያውም እሱም ይፈልጋል። ታዲያ ለምን አሥረኛው ገጽ ላይ አያልቅም? አንባቢ አምስት መቶ ገጽ ድረስ ምን ይዞት ይከተላል?

ባዶ ግብ

በረኛም ተከላካይም በሌለበት ሜዳ አንድ ልጅ ኳሷን እየነዳ ሄዶ መረቡ ውስጥ ቢያስገባ፣ ጎል አግብቷል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ትኬት ቆርጦ የሚያየው ግን አይኖርም። ስታዲየሙን የሚሞላው አጥቂው ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ሰው ነው። የበረኛው ቁመት፣ የተከላካዩ ጉልበት፣ የዳኛው ፊሽካ፣ የቀረው ደቂቃ፣ እነዚህ ናቸው ያቺን ኳስ ኳስ የሚያደርጓት።

በፍቅር ታሪክም ሁለቱ ሰዎች እንዳይገናኙ ከመሐል የሚቆም ነገር አለ። በዚህ ምዕራፍ «ከልካይ» ተብሎ ይጠራል። ከልካዩ ሰው ሊሆን ይችላል፦ አባት፣ ባል፣ ባላጋራ። ነገር ሊሆን ይችላል፦ ድህነት፣ ጦርነት፣ ርቀት፣ በሽታ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ከአፍቃሪው ከራሱ ውስጥ ሲገኝ ነው፦ መሐላ፣ ኩራት፣ ፍርሃት፣ የቆየ ቁስል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ፓሜላ ሬጂስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ የፍቅር ልብ ወለድን በስምንት ክፍሎች ተንትናዋለች። ስምንቱን እዚህ መዘርዘር ልብ ያደርቃል፤ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ይኸው ከልካዩ ነው። ሌላው «የሞት አፋፍ» ሊባል የሚችለው ቦታ ነው፤ ሁለቱ ዳግመኛ እንደማይገናኙ እርግጥ የሚመስልበት፣ አንባቢ ተስፋውን የሚያጣበት ጊዜ። በሬጂስ አከፋፈል ጥንዶቹ ከዚህ አፋፍ መመለስ አለባቸው፤ ጀግናዋም በመጨረሻ በነጻነት መምረጥ አለባት። ካልተመለሱና ካልመረጠች መጽሐፉ ሌላ ነገር ይባላል እንጂ የፍቅር ልብ ወለድ አይባልም።

ከእሷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ስዊዘርላንዳዊው ዴኒ ደ ሩዥሞን ነገሩን ይበልጥ አክርሮት ነበር። የመካከለኛውን ዘመን የትሪስታንና የኢዙልዴን ታሪክ እየመረመረ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያፈቅሩት እርስ በርስ ከመሆን ይልቅ መለያየታቸውን ነው አለ፤ ከልካዩ ሲጠፋባቸው ሌላ ይፈጥራሉ። ትንሽ የተጋነነ ይመስላል። ሆኖም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኒዛሚ በፋርስኛ የጻፈውን የለይላንና የመጅኑንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይጥለውም፤ መጅኑን ለይላን በአካል ከማግኘት ይልቅ በበረሃ ስሟን እየጠራ መኖርን የመረጠ ይመስላልና። እኛም ዘንድ ትዝታ የሚባል ቅኝት አለ። የሌለን ሰው በማሰብ ላይ የተሠራ ዜማ ለቅኝት ስም የሆነበት አገር ደ ሩዥሞንን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከሁለቱ ምሁራን አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ፍቅር በየዘመኑ ያው ሊመስል ይችላል፤ ከልካዩ ግን አይመስልም። አንድ ማኅበረሰብ ሁለት ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክልበት ምክንያት የሚፈራውንና የሚያከብረውን ነገር ያሳያል። የፍቅር ታሪክን ያነበበ ሰው የዘመኑን ሥርዓት በከልካዩ በኩል አንብቦታል።

መሐላና የወንድ ልብስ

ከጥንቱ ይጀመር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደመለሰው የሚነገርለት ክብረ ነገሥት፣ የንግሥት ማክዳንና የንጉሥ ሰሎሞንን ነገር ይተርካል። ንግሥቲቱ በክብሯ እንዳይደርስባት ታስምለዋለች፤ እሱም በምላሹ ከቤቱ ምንም ነገር እንዳትወስድ ያስምላታል። ከዚያ ቅመም የበዛበት ግብር ያቀርብላታል፤ ሌሊት በጥም ተቃጥላ ከመኝታ ቤቱ መካከል የተቀመጠውን ውኃ ስትጠጣ መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። ቀዳማዊ ምኒልክ የተወለደው ከዚህ ነው። በአዲስ አበባ የሥጦታ ዕቃ ሱቆች ይህ ታሪክ በጨርቅ ላይ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ ተሥሎ ሲሸጥ ኖሯል፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ እንደ ፍቅር ታሪክ ነው የሚገዛው።

የፍቅር ታሪክ ነው ወይ? ከልካዩ መሐላ ነው፤ መሐላው ግን በሁለቱ ስምምነት አልተነሣም፤ በብልሃት ተበጠሰ። ክብረ ነገሥት የጻፈው ሰው ጉዳዩ ዘር ነበር፤ የንጉሥ ሐረግ ከኢየሩሳሌም ወደ አክሱም እንዴት እንደመጣ ለማሳየት። የንግሥቲቱ ፈቃድ በዚያ ስሌት ውስጥ ትንሽ ቦታ ነው ያለው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ሕግ ሲነሣ ተመልሶ ይመጣል።

ስድስት መቶ ዓመት ያህል ተሻግሮ፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አንዲት ትንሽ የአማርኛ መጽሐፍ ታተመች። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አላት፤ በኋላ «ጦቢያ» ተብላ ታወቀች። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይማረካል፤ መንታ ልጆቹ ዋህድና ጦቢያ ይንከራተታሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ የአንድ አረመኔ ንጉሥ ዘመድ የሆነች ልጅ ወንድ መስላት ታፈቅራታለች፤ ንጉሡ ደግሞ ሴትነቷ ሲገለጥ ልቡ ይሸፍታል። ከልካዩ ሃይማኖት ነው፤ የሚነሣውም ንጉሡ ከነሕዝቡ ሲጠመቅ ነው። ጦቢያም ዋህድም ይዳራሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በሬጂስ መስፈርት ብናየው ከሞላ ጎደል ያልፋል፤ የሞት አፋፍ አለው፤ መመለስ አለው፤ ሠርግ አለው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ መጽሐፍ ይህን መንገድ ትቶ መሄዱ ነው።

ዲማ ጊዮርጊስ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ያላነበቡትም ያውቁታል፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ጆሮውን ሰጥቶ ሰምቶታል። ነገሩ በአጭሩ ሲነገር ከማንም የፍቅር ወሬ የተለየ አይመስልም። የጎጃም ድሃ ገበሬ ልጅ የሆነው በዛብህ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በሚኖሩት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ይገባል። ይዋደዳሉ። ይለያያሉ።

መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ደራሲው ከልካዩን አንድ አለማድረጉ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው የሠራው።

የመጀመሪያው ሰብለ ሳትወለድ የቆመ ነው። የበዛብህ እናትና አባት፣ ውድነሽና ቦጋለ፣ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጥተውታል። ልጁ ለቤተ ክህነት ነው፤ ሚስት አያገባም። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሲያይ ከፊታውራሪው በፊት የሚፈራው የወላጆቹን ቃል ነው። ይህን ከልካይ በጉልበት መስበር አይቻልም፤ በገንዘብም አይገዛም፤ የቆመው በፍቅር ነውና፤ እናቱ እንዲኖርላት ከመውደዷ የተነሣ ነውና። አንድ ፍቅር ሌላውን ሲከለክል የሚያሳይ እንዲህ ያለ ምሳሌ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሁለተኛ ይገኛል ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ የፊታውራሪ መሸሻ አጥንት ቆጠራ። ልጃቸውን የሚመጥን ዘር ሲመርጡ የሰብለ ዕድሜ ያልፋል። ሰውየው ክፉ ብቻ ሆነው አልተሣሉም፤ ያስቃሉ፣ አንዳንዴም ያሳዝናሉ። ሐዲስ እዚህ ላይ ብልህ ነው፤ አባትየው ጭራቅ ቢሆኑ ኖሮ ጥፋቱ የአንድ ሰው ይሆንና ሥርዓቱ ነጻ ይወጣ ነበር። ይህ እንዳይሆን ጉዱ ካሣን አጠገባቸው አስቀመጠ፤ የቤቱ ዘመድ ሆኖ የቤቱን መሠረት የሚነቅፈውን፣ አገሬው እንደ እብድ የሚያየውን ሰው። ጉዱ ካሣ በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከልካዩን በስሙ መጥራት ነው። ሌሎቹ ይኖሩታል፤ እሱ ይናገረዋል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለ በኋላ ትከተለዋለች፤ እሱ በሽፍቶች ቆስሎ ሊሞት ሲል ትደርስበታለች። እዚህ ላይ ደራሲው በአጋጣሚ አብዝቶ ተማምኗል የሚል አንባቢ ቢኖር ሐሰተኛ አይባልም። ሽፍታ ከየትም ይመጣል፤ ስእለትና አጥንት ቆጠራ ግን ከየትም አይመጡም። ሆኖም የመጨረሻው ቅጣት ከሽፍታው ሳይሆን ከመዘግየቱ ነው የሚወለደው፤ ያዘገያቸው ደግሞ የቀደሙት ሁለቱ ከልካዮች ናቸው። ሰብለ ትመነኩሳለች፤ በመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች።

በሬጂስ መስፈርት ይህ መጽሐፍ የፍቅር ልብ ወለድ አይደለም። የሞት አፋፍ ሲደርስ ሞት ሆነ፤ ተመልሶ የመጣ የለም። የአማርኛ አንባቢ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ለእሱ ፍቅር እስከ መቃብር የፍቅር ልብ ወለድ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ልዩነቱ የጣዕም ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው ዓለም አንባቢ ከልካዩ መውደቅ የሚችል ነው ብሎ ስለሚያምን ሠርግ ይጠብቃል። በ1958 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ርስትና ማዕረግ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ በዛብህንና ሰብለን የሚያጋባ መጨረሻ ቢጻፍ ውሸት ይሆን ነበር። ዐፄው የወረዱት መጽሐፉ በወጣ በዘጠነኛው ዓመት ነው።

ሴቲቱ ራሷ ከልካይ ስትባል

ልብ ወለዱ ከሕይወት ብዙ አልራቀም። በአማራው አገር ሁለት ወጣቶች ከመዋደዳቸው በፊት ሌላ ሰው ሰባት ቤት ይቆጥርላቸዋል፤ ዘመዳሞች ከሆኑ ነገሩ ያበቃል። ከሸክላ ሠሪ፣ ከቀጥቃጭና ከሸማኔ ጋር መጋባት ነውር ተብሎ ኖሯል። ሽማግሌ ይላካል፤ ጥሎሽ ይቆረጣል፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት፣ ለወንድ 18 ብሎ ነበር የደነገገው። ሁለቱም 18 እንዲሆን የተደረገው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጠለፋ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ቅጣቱ ይቀር ነበር። ይህን እንደ ታሪክ አዋቃቀር ብናየው የሚያስደነግጥ ነገር ይወጣል። በፍቅር ታሪክ ሁለት ሰዎች በአንድ በኩል ይቆማሉ፤ ከልካዩ በሌላ። በጠለፋ ታሪክ ግን ወንዱ ብቻውን ቆሟል፤ ከፊቱ ያለው ከልካይ የሴቲቱ እንቢታ ነው፤ «ድሉም» እሱን መስበር ነው። የሰሎሞን የውኃ ብልሃት እዚህ ላይ ተመልሶ ሲታይ እንደ ቀድሞው አያስቅም።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» የተባለው ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው፣ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፤ የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ትከራከርላታለች። መሠረቱ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ የሆነውም በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጋብቻን ከጠላፊው ማምለጫነት አስወጣው። ስለዚህ ሬጂስ ጀግናዋ በነጻነት ትምረጥ ስትል የተናገረችው ስለ ልብ ወለድ ደንብ ብቻ መስሎ ቢሰማም፣ እዚህ አገር የሕግ አንቀጽ መለወጥ የጠየቀ ጉዳይ ነበር።

ከአስመራ እስከ ቦሌ

አብዮቱ ርስትንና ማዕረግን ሲያነሣ ፊታውራሪ መሸሻ ከሥራ ወጡ ማለት ይቻላል። ደራሲዎች ሌላ ከልካይ አስፈለጋቸው፤ በዓሉ ግርማ አገኘው። በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ይወርዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ያፈቅራል። አባት የሚባል የለም፤ አጥንት የሚቆጥር የለም። የሚከለክለው ጦርነቱ ነው፤ ከዚያም በላይ ማን የማን ወገን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ፍቅሩ በስለላ ጥርጣሬ ይመረዛል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ስለ ፍቅር የተጻፈ መጽሐፍ ለምን ያን ያህል አስቆጣ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከልካዩ ላይ ነው፤ በዓሉ የዘመኑን ከልካይ በስሙ ጠርቶታል።

ወደ ኦሎምፒያ ፖስተሮች ስንመለስ ነገሩ ይቀልላል፤ አንዳንዴም ይሳሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን ሲሠራ ኤች.አይ.ቪ. በየቤቱ የገባ ፍርሃት ስለነበር በአፍቃሪዎች መካከል ቢቆም ማንም አልጠየቀም። እንደ «የወንዶች ጉዳይ» ያሉት አስቂኝ ፊልሞች ከተወደዱ በኋላ ግን ከልካዩ እየተለመደ መጣ፦ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ፣ ከውጭ የመጣ ዲያስፖራ፣ የተደበቀ ማንነት፣ ያልተነገረ ምስጢር። ምስጢር በተለይ ሰነፍ በረኛ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ሊፈታው የሚችለውን ነገር ሁለት ሰዓት ለማቆየት ጸሐፊው የጀግናውን ስልክ ባትሪ መጨረስ ግድ ይለዋል፤ ተመልካቹም ያውቅበታል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ጀምሮ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ ሰው የተገረመው በተመልካቹ ጉጉት ነው። ባህላችን ጠፋ የተባለበትም ጊዜ ነበር። ድራማዎቹ ውስጥ ያለው ከልካይ ሲታይ ግን ጉጉቱ ያን ያህል አያስገርምም፦ የቤተሰብ ክብር፣ የአባት ቁጣ፣ የሀብትና የዘር ልዩነት፣ በእናት ፊት የተገባ ቃል። ከኢስታንቡል የመጡት ሰዎች የዲማ ጊዮርጊስ ዘመዶች ናቸው። የቦሌው ፊልም የተወውን በረኛ ቃና መልሶ አቆመው።

ዛሬ በቦሌ አንድ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ «የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ይነሣል። ልዩነቱ ሽማግሌው ከመላኩ በፊት ልጁና ልጅቷ ብዙ ጊዜ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የሽማግሌው ሥራ ወደ ሥርዓትነት እያዘነበለ ነው። ከልካይ ፍለጋ ወደዚያ ሳሎን የሚገባ ጸሐፊ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ከሳሎኑ ውጭ ግን ከበቂ በላይ አለ፦ በኤምባሲ በር ላይ የሚጠበቀው ቪዛ፣ ቤሩትና ሪያድ ሄዳ ደመወዟን ለቤተሰብ የምትልክ እጮኛ፣ ቀብድ የሚጠይቅ አከራይ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር በኩል ነው የሚያልፉት፤ ገንዘብ በታሪክ ውስጥ እንደ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደሚሠራ የሚቀጥለው ምዕራፍ ጉዳይ ነው።